ለኮሪያ ዘማች የመታሰቢያ ድንጋይ ማሠራት፦ የአንድ የጎንደር እብነ በረድ ቤት ሥራ ሲመዘን

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ እብነ በረድ ቤት ከመቃብር ሐውልት ሌላ፣ ባሕር ማዶ ዘምቶ ለወደቀ ወታደር የመታሰቢያ ድንጋይ ይሠራል። ድንጋዩን ይቆርጣል፣ ጽሑፉን ይቀርጻል፣ ለሜዳይና ለፎቶ የሚሆን ሳጥን ያዘጋጃል፣ ደብሩ ድረስ መጥቶም ይተክላል። እዚህ የምንመዝነው ለኮሪያ ዘማች ሲሠራ ያለውን ጥራት ነው፤ ከሁሉም ጥንቃቄ የሚፈልገው እሱ ስለሆነ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቃኘው በሚል ስም ተራ በተራ ወደ ኮሪያ ጦርነት ከዘመቱት የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦሮች ከ120 በላይ ወታደሮች ወድቀዋል። ጓዶቻቸው የወደቀውን ሬሳ ተሸክመው እየተመለሱ፣ አንድም ሰው ሳይማረክባቸው ጦርነቱ አልቋል። አፅማቸው ያረፈው አዲስ አበባ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ሐውልት እዚያው አዲስ አበባ አፍንጮ በር ቆሞላቸዋል፤ ኮሪያም ውስጥ በቹንቾን ከተማ ሌላ ሐውልት አላቸው። ጎንደር ላለው ቤተሰብ ግን ጧፍ የሚያበራበት፣ በተዝካር ቀን ካህናቱ ቆመው ጸሎት የሚያደርሱበት ቦታ የለውም። በደብሩ ቅጥር ውስጥ ድንጋይ የሚተከለው ለዚህ ነው። በተራ መቃብር ላይ ጽሑፉ ቢሳሳት ከሥሩ ማን እንዳለ ቀባሪው ያውቃል። እዚህ ከሥሩ አፅም የለም፤ ለልጅ ልጅ የሚመሰክረው ድንጋዩ ላይ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለዚህ የቤቱ ሥራ በመጀመሪያ የሚለካው በጽሑፉ ትክክለኛነት ነው፣ ውበቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

በዚህ መለኪያ ፍርዳችን ሁለት መልክ አለው። የእጅ ሥራው፣ ማለትም አቆራረጡ፣ ቀረጻውና ተከላው፣ ከልብ የሚመሰገን ነው። ጽሑፉን የማጣራቱ ነገር ግን ደካማ ነው፤ ደንበኛው የሰጠውን ወረቀት እንዳለ ይቀርጻሉ። ወረቀቱ ከተሳሳተ ድንጋዩም ይሳሳታል፤ እብነ በረድ ላይ ደግሞ ላጲስ የለም።

ትልቁ ስሕተት የሚገባው በዘመን አቆጣጠር በኩል ነው። ቤተሰቡ እጅ ያለው ወረቀት ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ነው። ቤቱ ውስጥ ጽሑፍ የሚያቀናብረው ልጅ የሚያውቀው አንድ ዘዴ ብቻ ነው፤ 8 ዓመት መቀነስ። ይህ የሚሠራው ከጃንዋሪ ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ማለቂያ ድረስ ላሉት ቀኖች ነው። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር ማለቂያ ላለው ጊዜ የሚቀነሰው 7 ነው። ምሳሌ እንውሰድ፦ ወረቀቱ ኦክቶበር 1951 ቢል፣ 8 ቀንሶ ጥቅምት 1943 ብሎ የሚቀርጽ አለ። ጥቅምት 1943 ላይ ግን አንደኛ ቃኘው ገና አዲስ አበባ ነበር፤ ከጅቡቲ በመርከብ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ነው። እንዲህ ያለ ድንጋይ ሰውየው ሳይዘምት ወደቀ ብሎ ይመሰክራል ማለት ነው። ትክክሉ ጥቅምት 1944 ነው።

ቀኑም ላይ ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። 1943 ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ነበር። በዚህ ምክንያት መስከረም 1 ቀን 1944 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1951 ላይ ነው፣ እንደ ወትሮው 11 ላይ አይደለም። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ ማለቂያ 1952 ድረስ ያለው ቀን ሁሉ ከተለመደው የመመንዘሪያ ሠንጠረዥ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይላል። ኦክቶበር 20 ቀን 1951 ጥቅምት 10 ሳይሆን ጥቅምት 9 ነው። አንደኛ ቃኘው በውጊያ ላይ የከረመው በዚህ ጊዜ ስለሆነ ጉዳዩ ብዙ ቤተሰብ ይነካል። ተዝካሩ በየዓመቱ በድንጋዩ ላይ ባለው ቀን ስለሚደረግም የአንድ ቀን ልዩነት ቀላል አይደለም።

ቀኑ ጨርሶ የጠፋባቸው ቤተሰቦች አሉ። ለእነሱ ያለው አማራጭ ሻለቃውን ማወቅ ነው። አሮጊቷ እኅት ወይም የሰፈሩ አዛውንት የአዛዡን ስም ካስታወሱ ነገሩ ይፈታል፦ አንደኛው የሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ ሁለተኛው የሌተና ኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ፣ ሦስተኛው የሌተና ኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሺታ ነው። ሁለተኛው አንደኛውን የተካው በመጋቢት 1944 አካባቢ፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን የተካው ከዓመት በኋላ ነው፤ ተኩስ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። በዚህ ዓመቱ ከተገኘ ወሩን ትቶ ዓመቱን ብቻ መቅረጽ ይሻላል። ያልተረጋገጠ ቀን ከሚገባ ቦታው ባዶ ይቅር።

ቁጥሩ በግእዝ ይሁን የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኛም እንደግፋለን፣ ለድንጋይ ያምራል። 1944 ሲጻፍ ፲፱፻፵፬ ነው። አሥራ ዘጠኝ መቶ ከሚለው አነባበብ ጋር አብሮ ስለሚሄድ ለመፈተሽ ቀላል ነው፦ ፲፱ መቶ፣ ፵፬። የቤቱ አቀናባሪ ግን ከኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ እየለቀመ ስለሚያስገባ ፮ን በ፯ ሲለውጥ ይታያል፤ ሁለቱ በትንሽ መጠን ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የባሰው በማዕረግ ላይ ነው። ሃምሳ አለቃ ሲያጥር ፶ አለቃ ነው፤ ፶ በ፭ ከተለወጠ አምስት አለቃ የሚባል በሠራዊታችን የሌለ ማዕረግ ይወጣል። ማዕረጉን በፊደል፣ ሃምሳ አለቃ ብሎ፣ ማስጻፍ ከዚህ ሁሉ ያድናል።

ሌላው ወጥመድ ሻለቃ የሚለው ቃል ነው። ቃሉ ጦሩንም ማዕረጉንም ይጠራል። ስሙ ከላይ ተጽፎ ከሥሩ «ቃኘው ሻለቃ» ብቻ ከተባለ አንባቢው ሟቹ ሻለቃ ነበር ብሎ ሊያነበው ይችላል። አሥር አለቃ ሆኖ የወደቀን ሰው በማያውቀው ማዕረግ መጥራት ክብር አይሆነውም፤ የራሱ ማዕረግ ይበቃዋል። «የ፩ኛ ቃኘው ሻለቃ ጦር አባል» ቢባል ጥርጣሬ አይተውም። ቤቱ በናሙናነት የሚያሳየው ጽሑፍ ይህን አይለይም፤ ራሳችሁ አስተካክሉት።

ግሡንም እንምረጥ። ናሙናው «ዐረፈ» ይላል። ዐረፈ በአልጋው ላይ ለሞተም ይሆናል። ለዘማች «ወደቀ» ወይም «ተሰዋ» የሚለው ነው የሚገባው። ክርስትና ስሙ ከታወቀ በዓለም ስሙ ሥር ይግባ፤ ካህናቱ በጸሎት የሚጠሩት በእሱ ነው። ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ ላይ ደግሞ ከደብሩ መሪጌታ ጋር ተቀምጦ ወረቀቱን ማንበብ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሠራዊት፣ ሥላሴ፣ ዓመተ ምሕረት፣ ዐፅም የሚሉት ቃላት ላይ ነው ብዙ ጊዜ ክርክር የሚነሣው። አፅም በአልፋው አም ይጻፋል፣ ዐፅም በዐይኑ ዐም ይጻፋል፤ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእሱ መሄድ ነው።

ጽሑፉን በፍላሽ ይዞ መሄድ ሌላ ችግር ያመጣል። የቀረጻው ኮምፒውተር የድሮውን የፓወር ግእዝ ፊደል ይጠቀማል፤ በስልክ የተጻፈው ግን ዩኒኮድ በሚባለው ሌላ የፊደል አሠራር ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ አንዳንድ ፊደል ተለውጦ ይገባል፣ በተለይ እንደ ኳ፣ ሟ እና ቷ ያሉት። መፍትሔው አቀናባሪው እንደ አዲስ እንዲተይበውና በትክክለኛ መጠኑ በወረቀት አትሞ እንዲሰጣችሁ ማድረግ ነው። ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ ለሦስት ሰው አስነብቡ፤ አንዱ ዕድሜው የገፋ ይሁን። ከዚያ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርማችሁ መልሱ፣ አንድ ቅጂ ከእናንተ ዘንድ ይቅር። ቤቱ ይህን ሳይጠየቅ አያደርግም፤ ሲጠየቅ ግን ያለ ማጉረምረም ያደርጋል።

ወደ ድንጋዩ እንምጣ፤ እዚህ ሰዎቹ ሥራቸውን ያውቃሉ። ሁለት ዓይነት ያቀርባሉ፦ ነጭ እብነ በረድና ጥቁር ግራናይት። ነጩ ከቤንሻንጉል ዳለቲ የመጣ ነው ይላሉ፤ ጥሩ ቁራጭ በጣት ሲመታ ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ስትመርጡ በውሃ አርሳችሁ እዩት። ስንጥቅ ካለ ላዩ ሲደርቅ መስመሩ ውሃ ይዞ ጠቁሮ ይቀራል።

መጠኑን 60 በ40 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱን 3 ሳንቲ ሜትር አድርጉት። ክብደቱ ወደ 20 ኪሎ ይሆናል፤ ሁለት ሰው ይሸከመዋል። ባለ 2 ሳንቲ ሜትሩ ይረክሳል፣ ግን ከጀርባው ለብረት ካስማ ቀዳዳ ሲበሳ ወደ ፊት የሚተርፈው ስስ ስለሆነ ይፈነዳል። በዚህ መጠን ላይ የስሙ ፊደል 4 ሳንቲ ሜትር፣ የቀረው 2.5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ቢኖረው በአንድ መስመር 18 ያህል ፊደል ይገባል፤ ከላይ ትንሽ መስቀል፣ ከሥሩ ስሙና አምስት መስመር። ከዚያ በላይ ለመጨመር ፊደሉን ማሳነስ ያስፈልጋል፤ ይህን እንቃወማለን። የአማርኛ ፊደል ልዩነቱ ጫፉ ላይ ነው። ሲ እና ሴ የሚለዩት እግራቸው ላይ ባለች ቅጥያና ቀለበት ነው። ፊደሉ 1.5 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ያቺ ቀለበት በመሮ ጫፍ ትረግፍና ሥላሴ የነበረው ሥላሲ ሆኖ ይቀራል። የስንኝ ግጥም፣ የዘር ሐረግ፣ የአሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ሁሉ በአንድ ድንጋይ ይግባ የሚለው ፍላጎት መተው አለበት። ለአንድ ተጨማሪ መስመር ቦታ ካለ «አፅሙ በቅድስት ሥላሴ» የሚለው ይግባ፤ ከ50 ዓመት በኋላ የሚያነበው ልጅ የት ሄዶ እንደሚፈልግ ያውቃል።

ቀረጻው በእብነ በረድ ላይ በአሸዋ ግፊት ወይም በመሮ፣ በግራናይት ላይ በሌዘር ነው። ሌዘር ላዩን ብቻ አንጭቶ ነጭ ያደርጋል፤ ጥቁር ላይ ያምራል፣ ነጭ እብነ በረድ ላይ ግን አይታይም፣ እንዳትቀበሉ። በአሸዋ ግፊት የተሠራው ጥልቀቱ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለመለካት የ10 ሳንቲም ጠርዝ ፊደሉ ውስጥ ብታቆሙ መያዝ አለበት። የቤቱ ሽማግሌ ቀራጭ በመሮ ሲያጠራው የፊደሉን ግድግዳ በትንሹ አዘንብሎ ነው የሚያወርደው፤ ውሃ አይቋጥርም፣ ጥላም ይሰጣል፣ ቀለሙ ቢለቅ እንኳ ይነበባል። ለዚህ ሥራ ብቻ ቤቱን መምረጥ ይገባል።

ቀለም ላይ ወርቃማ ስፕሬይ ይቀቡላችኋል። ሲሠራ ያብለጨልጫል፣ ሁለት ክረምት ሲያልፍበት ግን ይልጣል፤ ግማሹ ለቆ ግማሹ ሲቀር ከባዶው ፊደል ይልቅ ያስከፋል። በነጭ እብነ በረድ ላይ ጥቁር ሲንተቲክ ቀለም አስቀቡ፣ በየአምስት ዓመቱ በቀጭን ብሩሽ ማደስ ይቻላል።

ፎቶ የቤቱ ደካማ ጎን ነው። የሚያቀርቡት ወረቀት ላይ ታትሞ ሙጫ የፈሰሰበት ነው፤ በጎንደር ፀሐይ ቶሎ ይቢጫል፣ በጠርዙም እርጥበት ይገባዋል። በእሳት የተተኮሰ የሸክላ ፎቶ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ይቻላል፤ በዋጋ ይበልጣል፣ ግን ይቆያል። ሌላም ነገር አለ። አሮጌው ፎቶ ደብዝዟል በሚል አቀናባሪው የሟቹን ፊት ቆርጦ የዛሬ ዥንጉርጉር የደንብ ልብስ ላይ ይለጥፈዋል። ይህን ፈጽሞ አትፍቀዱ። ቃኘው የተውጣጣበት የክብር ዘበኛ ወታደር የራሱ ልብስ ነበረው። የደበዘዘው እንደደበዘዘ ይቅር፤ በስካነር በ600 ዲፒአይ ይነሣ፣ በስልክ ከተነሣ ግን የመብራቱ ጸዳል ፊቱ ላይ ይቀራል።

የሜዳይ ሳጥኑን በተመለከተ፦ የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ 36 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነሐስ ነው፤ ጥብጣቡ ሰማያዊና ነጭ እየተፈራረቀ 17 መስመር አለው። ለኢትዮጵያ ዘማቾች የተሰጠው ጽሑፉ በአማርኛ ስለሆነ ከጀርባው እንዲታይ ሳጥኑን በሁለት በኩል መስታወት ማድረግ ያስመሰግናል። ቤቱ ከዋንዛ የሚሠራው ሳጥን ጥሩ ነው፤ ዋንዛ በክረምት አይጣመምም፣ ማዕዘኑም በምስማር ሳይሆን በጥርስ የተያያዘ ነው። ችግሩ ሜዳዩን በሲሊኮን ማጣበቃቸው ነው። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ያወጣል፣ ነሐሱን አረንጓዴ ያደርገዋል። ጥብጣቡን በጥጥ ክር ወደ ጨርቁ መስፋት ይበቃል። ሜዳዩን በነሐስ ማጽጃ አትሹት፤ በተሸ ቁጥር ፊደሉ ይሟሟል። ሳጥኑ ቤት ውስጥ ፀሐይ የማይመታው ግድግዳ ላይ ይሰቀል እንጂ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀመጥ።

ከመተከሉ በፊት የሰበካ ጉባኤውን የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ፤ ጥያቄው ውስጥ መጠኑ፣ የጽሑፉ ቅጂና ቦታው ይገለጽ። ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቁስቋም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ ያሉ ስለሆኑ አሮጌው ግንብ ላይ ትራፓኖ ማንሣት የማይታሰብ ነው፤ ለእነዚህ ራሱን የቻለ መቆሚያ፣ እሱም በፈቃድ፣ ይፈለጋል። በሌሎች ደብሮችም ቢሆን በኖራና በጭቃ የተያያዘ አሮጌ ቅጥር ካስማ አይዝም። ሠራተኞቹ ይህን ያውቃሉ፤ ግንቡን በመዶሻ እጀታ አንኳኩተው ድምፁን ሰምተው ነው የሚበሱት።

አተካከላቸው ትክክል ነው። አራት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ስቴንለስ ካስማ፣ ግንቡ ውስጥ 8 ሳንቲ ሜትር፣ ድንጋዩ ውስጥ 1.5 ሳንቲ ሜትር ይገባል። ተራ ብረት ከሆነ ይዝግና በነጩ ላይ ቡናማ ዕንባ ያወርዳል። ማያያዣው አንድ እጅ ነጭ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ነው። ግራጫው ሲሚንቶ እርጥበቱ ወደ እብነ በረዱ ሲሰርግ ላዩ ላይ እድፍ ሆኖ ይወጣል፤ ከወጣ በኋላ አይለቅም። ነጭ ሲሚንቶ አልቋል ቢሏችሁ ቀኑን አዛውሩ። የድንጋዩ ታች ከመሬት ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ክረምት ላይ ጭቃው ይረጫል። የቆርቆሮ ጠፈጠፍ የሚወርድበትን ቦታም ሽሹ፤ የድንጋይ ሽበት የሚያበቅለው እሱ ነው። ለጧፍ የሚሆን የብረት ሰሃን ለብቻው፣ ከድንጋዩ 30 ሳንቲ ሜትር ርቆ ይቁም። የፈሰሰ ሰም በእንጨት ተፍቆ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ይነሣል። በሎሚ ወይም በበረኪና የሚያጥቡ አሉ፤ ሎሚ እብነ በረድን ይበላል፣ ልስላሴው አንዴ ከሄደ የሚመለሰው በማሽን ብቻ ነው።

ክፍያው በፊደል ቁጥር ነው፤ ባዶ ቦታና ነጥብ እንደማይቆጠር፣ መስቀሉ እንደሚቆጠር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ቀብዱን ስትሰጡ ደረሰኙ ላይ ውፍረቱ፣ የፊደሉ ጥልቀት፣ የነጭ ሲሚንቶ ነገርና በቤቱ ስሕተት የተበላሸ ድንጋይ በነፃ እንደሚተካ ይጻፍ። ቃል ብቻ ከሆነ ስሕተቱ የማን እንደሆነ ክርክር ይነሣል።

ብዙ ቤተሰብ ምርቃቱ ተኩስ በቆመበት በሐምሌ 20 ይሁን ይላል። ሐምሌ ጎንደር ላይ ዝናቡ የሚበረታበት ወር ነው፤ ማያያዣው ቢያንስ ሰባት ቀን ዝናብ ሳይመታው መቆየት አለበት፣ ቀለሙም በእርጥብ ድንጋይ ላይ አይዝም። ለሐምሌ ከፈለጋችሁ ድንጋዩ ግንቦት ውስጥ ተተክሎ በሸራ ተሸፍኖ ይቆይ። ቀን ለመምረጥ ነፃ ከሆናችሁ ግን አንደኛ ቃኘው ከጅቡቲ የተነሣበት ሚያዝያ ይሻላል፤ ግንቡ ደረቅ ነው፣ ካህናቱና ዘመዱም ሜዳው ላይ ያለ ድንኳን መቆም ይችላሉ። ለዚያ ትእዛዙ ከየካቲት አጋማሽ አይለፍ፤ የሸክላ ፎቶው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል።